ለዛጎል የበራ መብራት

ሰኞ፣ ጥቅምት 6

ይህን ደብተር ልጄ ገዛችልኝ። «አባዬ፣ ከሰው ጋር ከምትጨቃጨቅ ከወረቀት ጋር ተጨቃጨቅ፤ ወረቀት አይደክመውም» አለችኝ። ምክር ነው ስድብ? አልለየሁትም። ተቀበልኩ። ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ በማታ ትምህርት ነው። ቀኑን ሙሉ የመርከብ መፋቂያ ይዞ የማይደክመው እጄ በእስክሪብቶ ይደክማል። ምን ቸገረኝ፣ ማንም አያነበው...

ዛሬ እንደ ወትሮው። ማንም ሳይመጣ መርከቧ ላይ ደረስኩ። «አሮጊቷ» ነው የምንላት። ከወዲህኛው ዳር ወደ ወዲያኛው ሰው ስታመላልስ ያረጀች። ሆዷ የገባውን ውኃ በፓምፕ አወጣሁ። ድሮ ከሥሯ እየጠለቅሁ ነበር የምፍቃት። አሁን ጆሮዬ መጥለቅ ከለከለኝ፤ ወደ የብስ ስትጎተት ብቻ ነው የምፍቃት። ዛጎል፣ አረም፣ ያ አረንጓዴ ዝልግልግ... ከውኃ በታች ብረት ላይ የሚበቅል ነገር ሁሉ ጠላቴ ነው። እሱም ያውቀኛል።

ማታ ሾርባው ጨው በዝቶበት ነበር። ዝም ብዬ በላሁ። ይኸው፣ ከወረቀቱ ጋር ተጨቃጨቅሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9

ጉድ ነው የሰማሁት።

የልጄ ባል እንጂነር ነው። ከኔ ጋር ነው የሚኖሩት፤ የፊተኛው ክፍል የነሱ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፣ አልዋሽም። ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ዛሬ ራት ላይ ጉሮሮውን ጠረገና «አባባ፣ ካፒቴኑ ፈቀደልኝ። አሮጊቷ ላይ መብራት ልንሞክር ነው» አለ።

«መብራትማ አላት።»

«ከውኃ በታች። ውኃ መሳቢያው ሳጥን ውስጥ።»

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። መርከቧ ከታች ግራና ቀኝ ሁለት ሳጥኖች አሏት። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የባሕር ውኃ በነሱ ነው የሚገባው። ዛጎል ከሞላባቸው ሞተሩ ይግላል፤ መሃል ባሕር ላይ ቀጥ ትላለች። አምና አንዲት ሙሽራ ከነቬሎዋ መሃል ላይ ስታለቅስ ውላለች። እና እዚያ ውስጥ መብራት?

«ለዛጎሉ መብራት ልታበራለት? እንኳን ደህና መጣህ ልትለው ነው?»

ልጄ አፏን በእጇ ያዘች። እሱ አልሳቀም። አልትራቫዮሌት የሚባል ብርሃን አለ አለኝ። ዓይን አያየውም። ፀሐይ ቆዳ የምታቃጥለው በሱ ነው። እሱ የበራበት ቦታ ላይ ምንም አይበቅልም።

«የማይታይ ብርሃን! እንግዲያው የማይሰማ ዘፈንና የማይበላ ራት ጨምርበትና ድግስ እንደግስ» አልኩት።

«አባዬ!» አለች ልጄ።

ምን አጠፋሁ? ዕድሜዬን ሙሉ በመፋቂያ የታገልኩትን እሱ በአምፖል ሊያባርረው? ከዛሬ ጀምሮ ስሙ አምፖሉ ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 13

መርከቧን ወደ የብስ ጎተቷት። ሁለቱንም ሳጥኖች ፋቅኩ። አምፖሉ መብራቱን የግራው ውስጥ ገጠመ። የቀኙ እንዲሁ ይቆያል፤ ማወዳደሪያ ነው አለ። እኔም ደስ አለኝ። ይወዳደር! ለታኅሣሥ ካፒቴኑ ራሱ ከፍቶ ያያል።

ማብሪያ ማጥፊያውን ሞተር ክፍል ውስጥ ከፓምፔ አጠገብ አደረገው። ከጎኑ ወረቀት ለጥፏል። ቆሜ አንድ በአንድ አነበብኩት። «ማንም ሰው እንዳይነካ» ይላል። ጥሩ አድርጓል። እዚህ መርከብ ላይ በሁሉ ነገር እጁን የሚያስገባ ሞልቷል። ሞተሪስቱ አለ፣ ገመድ ሳቢዎቹ አሉ። እኔን እንደማይመለከት የታወቀ ነው። እኔ ማንም ነኝ እንዴ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14

ጠዋት ገባሁ። ፀሐይዋ ወጥታለች፣ ባሕሩ ያብረቀርቃል። የማብሪያው ቀይ ምልክት ቦግ ብሏል። በጠራራ ፀሐይ መብራት! ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ብታይ ምን ትል ነበር? «ይሄ ሁሉ ፀሐይ አልበቃህም?» ነበር የምትለኝ፤ እኔ ገና ከአልጋ ሳልወርድ አጥፍታው።

አጠፋሁት። ማታ ስወጣ አበራሁት። ለአምፖሉ ውለታ ዋልኩለት። በመብራቱ ባላምንም አደራ አላበላሽም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 2

ጠዋት አጠፋሁ። ማታ አበራሁ። እግሬን ቆረጠመኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12

ሞተሪስቱ፣ «ዘይቱ» ነው የምንለው፣ ልብሱ ቢጨመቅ አንድ ሞተር ያስነሳል፣ ዛሬ ሲያሾፍብኝ ዋለ።

«አማችህ ሥራህን ሊቀማህ ነው አሉ።»

«በአምፖል ብርሃን? ይሞክራ!»

«ቆይ፣ እሱ መብራት ሲያበራ አንተ ምን ልትሠራ ነው?»

«ያንተን አፍ እፍቃለሁ። እሱም ብዙ ነገር በቅሎበታል።»

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ግን መንገድ ላይ ሳስበው... እውነት ምን ልሠራ ነው? ቤት ተቀምጬ ሾርባ ልቀምስ? አይሆንም። ደግሞ አይሠራም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 5

አልሠራም!

ካፒቴኑ ባለበት ከውስጥ ቧንቧውን ዘግተው የሳጥኖቹን ክዳን ከፈቱ። መጀመሪያ የቀኙን። እንደ ሁልጊዜው፣ ዛጎል በዛጎል። ቀጥሎ የግራውን። ዝልግልግ አለ። ትናንሽ ዛጎልም አለ። ከቀኙ ያንሳል፤ እሱን አልክድም። ግን አለ!

ካፒቴኑ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ። «ግማሽ ንጹሕ ንጹሕ አይባልም» አለ።

አምፖሉ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው ጎንበስ አለ። እዚያ ትንሽ ቆጣሪ አለችው፤ መብራቱ የበራበትን ጊዜ ትቆጥራለች። አያት። ደግሞ አያት። ፊቱ ቀላ። የሆነ ነገር የሚናገር መስሎኝ ነበር። ቀና ብሎ እኔን አየኝና «ስሕተቱ የኔ ነው፣ ካፒቴን። ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ» አለ።

«በሚቀጥለው ቅዳሜ ንቀሉት» አለ ካፒቴኑ። አለቀ።

ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ዘይቱን ሻይ ጋበዝኩ። ራት ላይ ደግሞ ሁለቴ በላሁ። አምፖሉ ብዙም አልበላ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 6

ልጄ ጠዋት በር ላይ ጠበቀችኝ። ዓይኗ አብጧል።

«አባዬ፣ ደስ ብሎሃል አይደል?»

«በምን?»

«አትሸፍንብኝ። ትናንት እያፏጨህ ነው የገባኸው።»

እውነት አፏጭቻለሁ።

ከዚያ ነገረችኝ። ኩባንያው እዚህ ቢሮ ሊከፍት የነበረው መብራቱ አሮጊቷ ላይ ከሠራ ብቻ ነው። ካልሠራ ወደ ሌላ ወደብ ይወስዱታል። ሩቅ ነው። በመርከብ ቀናት ይፈጃል። እሷም አብራው መሄዷ ነው።

«አንተም ከኛ ጋር ትመጣለህ» አለች።

«እኔ? እናትሽን እዚህ ትቼ?»

ጫማዬን ለማሰር ጎንበስ አልኩና ቶሎ ቀና ማለት አቃተኝ። ጉልበቴ ነው አልኳት። ጉልበቴ አልነበረም።

ተከራክሬ አሸነፍኩ። ሽልማቱ ባዶ ቤት ነው። እንዲህ ያለ ነገር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ለማን ነው የምጽፈው እኔ...

እሑድ፣ ታኅሣሥ 8

ምሳ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በደህና አፍ ጠየቅኩት። «እስቲ ንገረኝ። ያ ነገርህ እንዴት ነው የሚሠራው?»

ልጄ ዳቦዋን እንደያዘች ቀረች።

እሱ ግን አላሾፈብኝም። ሳህኑን ወደዚያ ገፋ አድርጎ በጣቱ ጠረጴዛው ላይ እየሣለ አስረዳኝ። ዛጎሉ ሲወለድ እንደ አቧራ ያለች ነገር ነች አለ። ውኃው ውስጥ ትንሳፈፋለች። የምትቀመጥበት ብረት ትፈልጋለች። መብራቱ ያለበት ቦታ አይመቻትም፤ ታልፈዋለች። ከተቀመጠችና ካደገች ግን አለቀ፣ ቤቷን ሠራች ማለት ነው፤ መብራት አያስነሳትም።

«እና መብራቱ ለማየት አይደለም?»

«አይደለም፣ አባባ። ማንም እንዲያይበት አይደለም።»

«ቀንስ... ቀን ቀን ፀሐይዋ አትበቃም?»

ቀስ ብሎ ነው የመለሰልኝ። ዓይኑን ከጠረጴዛው አላነሳም። «ከመርከብ ሥር፣ ሳጥን ውስጥ፣ ፀሐይ የት ትገባለች? እዚያ ሁልጊዜ ጨለማ ነው። እነሱ ደግሞ ቀን ሌት አይሉም፣ ሲመጡ ይመጣሉ።»

ማንኪያው አፌ ጋ ደርሶ ቆመ።

ከመርከብ ሥር ጨለማ መሆኑን ለኔ ነው የሚነገረኝ? እኩለ ቀን ላይ የእጅ ባትሪ አፌ ውስጥ ነክሼ ስጠልቅ የኖርኩት እኔ አይደለሁም? እንዴት አላሰብኩትም? ማጥፊያውን ሳይ ያሰብኩት ሳሎን ነው። ሳሎንና ባለቤቴን።

ተነስቼ እጄን ታጠብኩ። ንጹሑን እጅ ደግሜ ታጠብኩ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 9

ጠዋት አላጠፋሁትም። አልፌው ስሄድ ራሱ የሚያየኝ መሰለኝ።

ዘይቱን ወደ ጥግ ጎተትኩት። «መብራቱን ጠዋት ጠዋት እንደማጠፋ ታውቃለህ?»

«እንዴ፣ አላይም እንዴ? አማችህ ያዘዘህ መስሎኝ ነበር።»

«ለሰው ተናግረሃል?»

ራሱን አከከ። «ባለፈው ሐሙስ ካፒቴኑ እንደወጣ አማችህ መጥቶ ጠይቆኛል። ቆጣሪዋ ግማሽ ነው ያነበበችው፣ ጠዋት ቀድሞ የሚገባው ማን ነው አለኝ። አንተ ነህ አልኩት። ሳቀ።»

«ሳቀ?»

«ሳቀ። ከዚያ፣ ለማንም እንዳትናገር፣ አባባ ያፍራሉ አለኝ።»

ደሜ ፈላ። እኔ የማፍረው ምን ሆኜ ነው? ማን ሆኖ ነው የሚያዝንልኝ? ፓምፑን እስኪንቀጠቀጥ አሠራሁት። ውኃው አልቆ እንኳ አላቆምኩም።

ከዚያ ቀዘቀዝኩ። ልጁ ሳይጠይቅም ጠርጥሮኝ ነበር። ካፒቴኑ ፊት ቆሞ «ስሕተቱ የኔ ነው» ሲል እኔን እያየ ነበር። ሥራውን ሊያጣ፣ አገር ሊለቅ፣ እኔን ግን አላዋረደም። እኔ ደግሞ በዚያ ላይ ሻይ ጋበዝኩ! አፏጨሁ!

ኩም አልኩ። ሌላ ቃል የለውም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 10

ካፒቴኑ ቢሮ በር ድረስ ሄድኩ። በመስኮት አየሁት። ቁጭ ብሎ ጥፍሩን ይቆርጣል። ሥራ በዝቶበታል ብዬ ተመለስኩ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 11

ሳላስብ ገባሁ። ካሰብኩ እንደ ትናንቱ እመለሳለሁ።

«ካፒቴን፣ መብራቱን የማጠፋው እኔ ነኝ።»

«የትኛውን መብራት?»

«የልጁን። ጠዋት ጠዋት።»

«ለምን?»

«ነግቶ ነበራ!»

መሳቅ ጀመረ። ባርኔጣው ወደቀ። አነሳሁለት። ደግሞ ሳቀ። እኔ እንደ ተማሪ ቆሜያለሁ። ከኔ በስንት ዓመት የሚያንስ ሰው ነው...

«ወረቀቱን አላነበቡም?»

«አንብቤያለሁ። ማንም ይላል።»

ይሄን ስል ጠረጴዛውን በእጁ መታ። ሲበርድለት ነገርኩት። ልጁ ጥፋት የለበትም፣ እኔን ሊሸፍን ነው አልኩት። ግማሹን ጊዜ ብቻ በርቶ ግማሹን ካጸዳ፣ ሙሉውን ቢበራ ምን ሊያደርግ ነው አልኩት። ስናገር ራሴ ደነገጥኩ። ከማን አፍ ነው ይሄ የወጣው?

ካፒቴኑ ዓይኑን ጠረገ። «እስከ የካቲት ይቆይ። ጠባቂው እርስዎ ነዎት። ዳግመኛ ከጠፋ ግን፣ አባባ፣ መብራቱም እርስዎም አንድ ላይ ትወርዳላችሁ» አለ። ይሄንን ሲል አልሳቀም።

በሌላ አነጋገር ጠላቴን አስጠበቀኝ። ከሱ ጋር የኔም እንጀራ ተሰቀለ።

ማታ ዓሣ ነበር። ትልቁን ቁራጭ አንስቼ ልጁ ሳህን ላይ አደረግኩ።

«አባዬ፣ አመመህ?» አለች ልጄ።

«አጥንት በዝቶበታል፤ እኔ አልፈልገውም።»

እሱ አቀርቅሮ «አባባ፣ ካፒቴኑ ደውሎልኝ ነበር» አለ።

«ብላ፣ ይቀዘቅዛል።»

«እኔ እኮ ልል የፈለግኩት...»

«ብላ አልኩህ!»

በላ። ልጄ አንዴ እኔን አንዴ እሱን እያየች «ምንድነው የምትደባበቁት?» አለች። ሁለታችንም አልሰማንም። ዓሣው አጥንት አልነበረውም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 21

ሁለቱን ሳጥኖች በክዳናቸው በኩል ፍቄ እንደ አዲስ ጀመርን፤ ልጁም ቆጣሪዋን ማንበብ አሳየኝ። በየጠዋቱ አያታለሁ። አንድም ጊዜ አላረፈችም። ታታሪ ነች፣ እንደኔ።

ዓርብ፣ ጥር 4

መርከቧ ለጥገና ታስራ ነበር። ቀለም ቀቢዎች መጥተው ከዳር የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ገመድ ነቀሉ፤ የራሳቸውን መሣሪያ ሊሰኩበት። ቀይዋ ምልክት ጠፋች። እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። በዚህ ጉልበቴ!

«ማን ፈቀደላችሁ?»

«አባባ፣ አንድ መብራት ቢጠፋ ምን ይሆናል? ቀን እኮ ነው» አለኝ አንዱ።

የተናገርኩትን ደብተር ላይ አልጽፈውም። ልጄ አንድ ቀን ልታነብ ትችላለች። ገመዱን መልሰው ሰኩ። ዘይቱ ከሩቅ ሆኖ «አሁንስ ሞግዚት ሆንክለት!» እያለ ይጮሃል። ይጩህ።

ዓርብ፣ ጥር 25

ልጄ ካርቶን አምጥታ ድስቶችን ማሸግ ጀምራለች። «ምናልባት ካልሆነ ብዬ ነው አባዬ፤ ኋላ እንዳንዋከብ» ትላለች። እኔ ማንቆርቆሪያዋን ስትጠቀልል አየሁና ወጣሁ። መርከቧ ጋ ሄጄ ቆጣሪዋን አየሁ። ከጠዋቱ በኋላ እንደገና መታየት አያስፈልጋትም ነበር። አየኋት።

ረቡዕ፣ የካቲት 7

ዛሬ ጎተቷት።

ካፒቴኑ መጣ፣ ከኩባንያው ሁለት ሰዎች መጡ። ልጄም ከሥራዋ አስፈቅዳ መጥታ መርከቧ ከምትጎተትበት ሐዲድ ዳር ቆማለች። የቀኙ ሳጥን ተከፈተ። እንደምታውቁት ነው፣ ጣት አያስገባም። የግራውን ሲከፍቱ ልጁ ወደ ኋላ አለ። «አባባ፣ እርስዎ ይዩት» አለኝ።

እጄን አስገባሁ።

ለስላሳ። ከዳር እስከ ዳር፣ ጥግ ጥጉ ሁሉ፣ እንደታጠበ ሳህን። ይሄ እጅ ከመርከብ ሥር ሲገባ ሁልጊዜ የሚቧጥጠው ነገር ይጠብቃል። ዛሬ ምንም። ደግሜ ዳሰስኩ። ትንሽ ዝልግልግ እንኳ ባገኝ ብዬ ይሆን? እዚህ አልዋሽም፤ ለቅጽበት ከፋኝ። አንድ ቤት ሄደህ የምታውቀው ሰው ለቆ ስታገኘው እንዳለው ያለ።

«እህስ?» አለ ካፒቴኑ።

«የሚፋቅ ነገር የለም» አልኩ።

ይሄንን ዓረፍተ ነገር በዕድሜዬ ተናግሬው አላውቅም። ዞር ስል ልጄ እያለቀሰች ትስቃለች። የከፋኝ ነገር የት እንደገባ እንጃ። የቀኙን ሳጥን እየዘፈንኩ ፋቅኩት። መጥፎ ድምፅ አለኝ፤ ማንም ዝም በል አላለኝም።

ማታ ካርቶኖቹ ተከፈቱ። ማንቆርቆሪያዋ ቦታዋ ገባች። ቢሮው እዚሁ ይከፈታል።

ሰኞ፣ የካቲት 12

ልጄ ዛሬ ሾርባውን ጨው ነሳችው። ነገርኳት። «ደብተሩስ?» አለችኝ። ደብተሩ ሞልቷል አልኩ። ገና ግማሹ ባዶ ነው፤ ግን ሁሉን ነገር ለወረቀት መንገር ልክ አይደለም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 20

ጠዋት ልጁ ክፍሌ በር ላይ ቆሞ «አባባ፣ ዛሬ አብረውኝ ቢሄዱ?» አለ። አንድ ባለ ዓሣ ማጥመጃ ጀልባ መብራቱን ሊያይ ፈልጓል። ግን ሽማግሌ ነው፣ ግትር ነው፣ ወጣት አያምንም። «እርስዎ ይናገሩት። ቋንቋውን ያውቁታል» አለኝ። የማንን ቋንቋ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ካፖርቴን ለበስኩ፣ ጫማዬን ወለወልኩ።

ሰውዬው እውነትም ግትር ነው። የማይታይ ብርሃን ብሎ ነገር አለ እንዴ ብሎ ሳቀብኝ። ሳቁን የት እንደሰማሁት ጠፍቶኝ ሳይሆን... ይቅር። አስረዳሁት። ስለ ትናንሾቹ፣ ስለ ጨለማው፣ እጄን ስላስገባሁበት ሳጥን። «እኔ ገና በመጀመሪያው ቀን ነው ያመንኩበት» አልኩት። ልጁ ድንገት ሳል ያዘው።

ሰውዬው ጢሙን እያሻሸ አሰበ። «ጥሩ። ግን ቀን ቀን ባጠፋውስ? ነዳጅ ይቆጥብልኛል» አለ።

ደሜ ጭንቅላቴ ላይ ወጣ። «እንዳትነካው! እኛ መርከብ ላይ አንድ ሞኝ ሽማግሌ እንደዚያ እያደረገ ሰው ሊያፈናቅል ነበር!»

«እውነት? የት አለ አሁን?»

«ሞተ» አልኩት።

ልጁ አንገቱን ደፋ። «ነፍስ ይማር» አለ። «ግትር ነበሩ። ግን ጥሩ ሰው ነበሩ።»

ባለ ጀልባው ባርኔጣውን አወለቀ። ሁለት መብራት አዘዘ። እኔም አንገቴን ደፋሁ፤ ምን ይደረግ፣ ሟቹን በቅርብ አውቀዋለሁ።